ውሃው ሳይመጠጥ አይቀላም

ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል። የተከተፈው ሽንኩርት ድስት ውስጥ እንደገባ ወዲያው አይቀላም። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። በዚህ ሰዓት እሳቱን የቱንም ያህል ቢጨምሩት ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ ቀለም አይዝም። ድምፁ ከመንተክተክ ወደ መንጫጫት ሲለወጥ፣ እንፋሎቱም ሲሳሳ፣ ያን ጊዜ ዳር ዳሩ ቀላ ማለት ይጀምራል፤ የሚያስለቅሰው ሽታም ወደ ጣፋጭነት ይዞራል። በርበሬውን ለመጨመር የቸኮለች ልጇን «ገና ነው፣ ውሃውን ይጨርስ» ብላ የምታስቆም እናት የካራሜልን፣ ማለትም በሙቀት የቀላ ስኳርን፣ ዋና ሕግ በአንድ ቃል ነግራታለች።

ያንን ሕግ ከሽንኩርት ወደ ማንጎና ሙዝ፣ ከከሰል ምድጃ ወደ ኤር ፍራየር ይዘነው እንሄዳለን። መነሻችን መተማ ዮሐንስ ናት፤ ምክንያትም አለኝ። ካራሜል የለበሰ የፍራፍሬ ጣፋጭ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ማንጎው፣ ሙዙ፣ ማሩ፣ ሰሊጡ፣ ሱዳን የምታበቅለው ቴምርም ሳይቀር፣ በአንድ ገበያ ዙሪያ የሚገናኝበት ሌላ የአማራ ክልል ከተማ አላውቅም።

መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት፣ ስማቸውንም የያዘች ከተማ ናት። ፊት ለፊቷ ገላባት ነው፤ ሱዳን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበያዋ የደጋውን ቡናና ሰም ከሱዳን ጥጥ ጋር የሚያገናኝ ታላቅ ገበያ ነበር። ዛሬ ስሟ የሚነሳው በነጭ ሰሊጧ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የወረዳው ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ለምግብ አብሳይ ይህ ፈተና ነው፤ ለማንጎና ለሙዝ ግን ሲሳይ ነው፤ በጓንግና በሽንፋ ወንዞች ዳር ውሃ የሚያገኝ ጓሮ ሁሉ ይመሰክራል።

የማንጎ ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን መድረሱ ነው። ዛሬ ጠንካራ የነበረው ፍሬ በዚያ ሙቀት በሁለት በሦስት ቀን ይለሰልሳል፣ ከዚያም ነጥብ ነጥብ እያለ ይጠቁራል። በቅርብ ዓመታት የጎንደርና የመተማ መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ሲዘጋጋ የቆየ መሆኑ ሲጨመርበት፣ ገበሬው የለፋበት ፍሬ ገዢ ሳያይ እጁ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ይህ ያሳዝነኛል። አንድ ጣፋጭ የገበያ ችግር አይፈታም፤ ነገር ግን ሲመሽ በርካሽ የሚሸጠው፣ ከመብሰል ትንሽ ያለፈው ፍሬ ለካራሜል ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ማወቅ ለገዢውም ለሻጩም ይጠቅማል። በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ የዚህ ዓይነት ምግቦች አንዳንዶቹ የተወለዱትም ፍሬ በሚከማችበት ቦታ ነው። ባናና ፎስተር የሚባለው በቅቤና በስኳር የሚቀላ ሙዝ እ.ኤ.አ. በ1951 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በብሬናንስ ምግብ ቤት የተፈጠረው፣ ከተማዋ ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመጣ ሙዝ የሚራገፍባት ወደብ በመሆኗ ነበር።

በደጋው ማዕድ ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው፤ ከቡናው ጋር ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ሲገኝም ዳቦ። ለጣፋጭ ለብቻው ተራ አልተሰጠውም። ማር ነበረ፤ እሱም አብዛኛው ወደ ጠጅ ይሄዳል። ድንበሩ ላይ ግን የሱዳን ልማድ ከእኛው ጋር ተቀላቅሏል። ዝንጅብል የገባበት ቡና፣ ከቡናው ጎን ቴምር፣ በስኳር የተያያዘ ሰሊጥ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ስለዚህ ቀልቶ የወጣ ማንጎ በሳህን ሲቀርብ አዲስ ሥርዓት አይጠይቅም፤ ከቡናው አጠገብ ቦታ አለው።

አሁን ወደ ፍሬው ውስጥ እንግባ። ከማንጎ ሥጋ 100 ግራም ብንወስድ 83 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ከሙዝ 75 ግራም ያህሉ። ስኳሩ የሚቀላው ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ እያለ ይህ ሙቀት አይገኝም፤ ምክንያቱም የሚገባው ሙቀት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ፍሬው ከውሃ መፍያ ነጥብ አልፎ አይሄድም፤ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ነጥብ በባሕር ወለል ላይ 100 ዲግሪ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ መተማ ላይ 98 ገደማ፣ ጎንደር ላይ 93፣ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው ምስር ለማብሰል ከመተማ ሰው የበለጠ የሚቆይበት ምክንያት ይኸው ነው። ካራሜል ላይ ግን ከፍታው ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ውሃው አንዴ ከወጣ በኋላ ስኳር የሚቀላበት ሙቀት ቆላም ደጋም ያው ነው።

ውሃን ማስወጣት ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ግማሽ ኪሎ የተቆረጠ ማንጎ ከ30 ዲግሪ ተነስቶ እስከ 98 ለመሞቅ 126 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ውስጥ 100 ግራም ውሃ ብቻ ለማትነን ደግሞ 226 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። የክብደቱን አንድ አምስተኛ ማድረቅ ሁሉንም ከማሞቅ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ማንጎ ቆራርጠው ምድጃ ላይ የጣዱ ሰዎች ጣፋጭ ጠብቀው ማርማላታ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃው ሳይወጣ ሥጋው ፈርሷል።

መልካሙ ዜና፣ ሁሉንም ማድረቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ብቻ እንዲደርቅ ነው። ውስጡ በራሱ ውሃ እየለሰለሰ በ98 ዲግሪ ይቆይ፤ ላዩ ግን ደርቆ ወደ 160፣ ወደ 170 ይውጣ። ጥሩ ካራሜል የለበሰ ፍሬ ማለት በአንድ ጣት ውፍረት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሙቀቶችን ይዞ የወጣ ፍሬ ማለት ነው። ምግብ አብሳዩ የሚታገለው ለዚህ ልዩነት ነው፤ የሚጠቀምበትም መሣሪያ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ስኳሮችም አንድ ዓይነት አይደሉም። በፍሬና በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ ገና በ110 ዲግሪ አካባቢ መቅላት ይጀምራል። ግሉኮስና የሱቁ ነጭ ስኳር፣ ሱክሮስ፣ 160 ገደማ ይፈልጋሉ። ማር በክብደቱ 38 በመቶ ያህል ፍሩክቶስ፣ 31 በመቶ ያህል ግሉኮስ ስለሆነ ከስኳር በፊት ይቀላል፤ ከስኳር በፊትም ያርራል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ማሩን ከመጀመሪያው ቀብቶ 200 ዲግሪ ውስጥ ያስገባና ፍሬው ሳይበስል ላዩ ጠቁሮ መራራ ይሆንበታል።

ስኳሩ ሲቀላ ምን ይሆናል? ሞለኪውሎቹ ውሃ እየጣሉ ይሰባበራሉ፣ ስብርባሪዎቹም እንደገና ይጋጠማሉ። ከዚህ መሰባበርና መጋጠም የቅቤ ሽታ ያለው ዳያሴቲል፣ የተጠበሰ ዳቦ የሚያስታውሰው ማልቶል፣ ፉራን የሚባሉ የለውዝ ዓይነት ሽታ ያላቸው ውህዶች ይወለዳሉ። ጥቂቱ ስኳር ጣፋጭነቱን ያጣል፤ ትንሽ ምሬት ይገባል። ያቺ ትንሽ ምሬት የዚህ ጣፋጭ ነፍስ ናት፤ ያለእሷ የሚቀረው ትኩስ ጣፋጭ ፍሬ ብቻ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ለውጥ ይካሄዳል፦ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች የሆኑት አሚኖ አሲዶች ሲገናኙ የሚፈጠረው መቅላት። የቡና መቁላት፣ የእንጀራ ምጣድ ላይ የተጋገረ ዳቦ ቅርፊት፣ ለጠላ የሚታመሰው አሻሮ በአብዛኛው የዚህ የማያር ሥራ ናቸው። በማንጎና በሙዝ ፕሮቲኑ ጥቂት ቢሆንም ሁለቱ ለውጦች ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ሳህን ላይ ለይቶ ማየት አይቻልም።

ሙቀት ብቻውን አይወስንም፣ ጊዜም አለ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንቲስቷ ሼሊ ሽሚትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ስኳር እንደ በረዶ በአንድ ቁርጥ ያለ ሙቀት የሚቀልጥ ነገር እንዳልሆነ አሳይተዋል። በዝቅተኛ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይም ይሰባበራል፣ ይቀላል። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በ200 ዲግሪ ለ8 ደቂቃ የሚገኘውን ቀለም በ170 ዲግሪ ረዘም ባለ ጊዜ ማግኘት ይቻላል፤ ዝግ ያለው መንገድ ደግሞ ለመቆጣጠር ይመቻል። ማየትና ማሽተት የሚወድ ሰው ዝግ ያለውን ቢመርጥ እመክራለሁ።

እንግዲህ መሣሪያው። ኤር ፍራየር ውስጡን ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ከላይ በምጣድ እንደምናውቀው ያለ ሬዚስታንስ አለ፤ ከእሱ በላይ ማራገቢያ፤ ከታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት። ማራገቢያው የጋለውን አየር ቁልቁል ይነዳዋል፤ አየሩ በፍሬው ዙሪያ ዞሮ፣ እርጥበቱን ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ጥቂቱም ከኋላ ባለው ቀዳዳ ይወጣል። አየርን በማራገቢያ እየነዱ ማብሰል አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ዊልያም ማክሰን በአውሮፕላን ላይ በረዶ የሆነ ምግብ ለማሞቅ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ምድጃ ሠርቶ ነበር። በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት ያሰበው የኔዘርላንድ ሰው ፍሬድ ፋን ደር ቬይ ነው፤ ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ ለገበያ አቀረበው። ፍላጎቱ ያለ ብዙ ዘይት የሚንኮሻኮሽ ድንች ማግኘት ነበር። ፍራፍሬን ማንም አላሰበውም።

ማራገቢያው የሚያመጣውን ጥቅም የመተማ ገበሬ ከሰሊጥ ማሳው ያውቀዋል። የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ ነዶው ተደጋግፎ በሂላ ይቆማል። ሂላው ተጨናንቆ ከቆመ ውስጡ ይሻግታል፤ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ካለው ግን እኩል ይደርቃል፣ ፍሬውም ይነጣል። በእያንዳንዱ እርጥብ ነገር ላይ ቀጭን የሆነ እርጥብ አየር ተለጥፎ ይቀመጣል። ያ አየር እስካልተነሳ ድረስ ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። ነፋሱ ይህን ንጣፍ ይገፈዋል። ኤር ፍራየር ውስጥ 200 ዲግሪ የሞላው ፈጣን ነፋስ ይህንኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያደርጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሂላው የተወሰደ ነው፦ ቁራጮቹ አይነካኩ። በአንድ ንጣፍ፣ ክፍተት ተትቶላቸው ይደርደሩ። ቅርጫቱን ሞልተው የሚያስገቡ ሰዎች የተቀቀለ ፍሬ ያገኛሉ፤ ከዚያ መሣሪያውን ይወቅሳሉ።

ይህ ዕቃ ወደ አገራችን የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በነጋዴ ነው፤ አዲስ አበባ መርካቶና ቦሌ ይሸጣል። ሌላው በሻንጣ ነው፤ ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ለእናታቸው ቤት ይዘውት ይመጣሉ። በሻንጣ ለመጣው አንድ ነገር ይታይለት፦ ከታች ወይም ከኋላ ያለው ጽሑፍ ከ220 እስከ 240 ቮልት ማለቱ። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ዕቃ በእኛ 220 ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የመብራት ቆጣሪውን ነው። ፍርሃቱ ከምጣድ የመጣ ነው፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ይቆያል። መካከለኛ ኤር ፍራየር 1500 ዋት ያህል ነው፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ቢሠራ የሚፈጀው ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። ከቆጣሪው ይልቅ የሚያሳስበው መስመሩ ነው። ከጎንደር በሸኸዲ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በዚህ ምድር ላይ ነው የሚያልፈው፤ ሆኖም ትልቅ መስመር በአካባቢው ማለፉና ቤት ውስጥ የሚገባው መብራት ጠንካራ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማታ ሁሉም ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። የሬዚስታንስ ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ 220 የነበረው 180 ቢደርስ 1500 ዋቱ ወደ 1000 ዋት ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ቴርሞስታቱ 200 ብሎ ይጽፋል፣ አየሩ ግን እዚያ ለመድረስ ይዘገያል፣ ፍሬው እስከዚያ ይቀቀላል። ስለዚህ ቀን ላይ፣ መብራቱ ብርቱ ሲሆን መሥራት ይሻላል። ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰካ፤ ርካሽ ዲቫይደር ሰባት አምፒር ያህል ለረጅም ጊዜ አይችልም፣ ይቀልጣል።

በ40 ዲግሪ ቀን ከሰል ማንደድ ምን እንደሚመስል ቆላ የኖረ ያውቃል። ለዚህ ዓይነት አጭር ሥራ ኤር ፍራየር ከከሰል ምድጃም ከትልቅ የኬክ ቤት ምድጃም የሚመረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ታሽጎ ይሠራል፣ ቶሎ ይጨርሳል። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የኋላ ቀዳዳው ከታፈነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

ወደ ሥራው እንግባ። ማንጎው ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል፣ ሽታው ከእንብርቱ የሚወጣ፣ ግን ሲቆረጥ ቅርጹን የሚይዝ ይሁን። ጥሬው ስታርችና ኮምጣጣ አሲድ የበዛበት ነው፤ አይጣፍጥም። ፍሬው ከዘሩ ግራና ቀኝ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆራረጥ። ከዚያ ቀጭን ከሆነ ውስጡም ይደርቃል፤ ሁለቱ ሙቀቶች የሚቆሙበት ቦታ አይኖርም። ቁራጩ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ይህች ጥቂት ሰከንድ የማትፈጅ ሥራ ከሁሉም በላይ ትጠቅማለች፤ ላዩ ላይ ያለው ጭማቂ ካልተነሳ መሣሪያው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እሱን ለማድረቅ ያባክናል።

ኤር ፍራየሩ ባዶውን በ200 ዲግሪ ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ቁራጮቹ ያልተቀመመ የቀለጠ ቅቤ ወይም ዘይት በስሱ ተቀብተው ይደርደሩና 8 ደቂቃ ይቆዩ። በዚህ ጊዜ ዳሩ መሸብሸብ፣ ላዩም መድረቅ ይጀምራል፤ ይህ ውሃው እየሄደ የመሆኑ ምልክት ነው። አሁን ይገለበጡ። በጥቂት ሎሚ የቀጠነ ማር ይቀባባቸው፤ ሙቀቱ ወደ 170 ይውረድ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተከፍቶ ይታይ። ቀለሙ እንደ ደረቅ ሻይ ቅጠል ሳይሆን እንደ ቀላ ያለ ማር መሆን አለበት። ሽታው ከጣፋጭነት ወደ ጭስ ካዘነበለ ዘግይተዋል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አልገባም፤ አሲዱ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋና እንዳይሻክር ያግዛል። ከአንድ ቁንጥር ጨውና ከተፈጨ ኮረሪማ ጋር ሲሆን ጣዕሙ የበለጠ ይጎላል፤ ኮረሪማውን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነሰንሰው፣ ሽታው በነፋሱ እንዳይሄድ።

ሙዝ የተለየ አያያዝ ይወዳል። ጥሬ ሙዝ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ከ100 ግራም እስከ 20 ግራም ስኳር ሊደርስ ይችላል። ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣው፣ ሱቁ «አለፈበት» የሚለው ሙዝ ነው የሚፈለገው። ግን ለስላሳ ነው፤ ተልጦ ቅርጫት ላይ ቢቀመጥ ይጣበቅና ይፈርሳል። ስለዚህ ከነልጣጩ በቁመቱ ለሁለት ይሰንጠቅ። የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ ሆኖ በ200 ዲግሪ 5 ደቂቃ ይድረቅ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይነስነስበትና ሌላ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይቆይ። ስኳሩ መጀመሪያ የሙዙን እርጥበት ጠጥቶ ይቀልጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀላል። ልጣጩ ጠቁሮ ይጠነክራል፤ የወጣውን ሽሮፕ ወደ መሳቢያው ሳያፈስ ይይዘዋል። በማንኪያ እየተዛቀ ይበላል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይኼኛውን ነው።

ቴምር የሚያስገርም ነው። ውሃው ከአንድ አምስተኛ አይበልጥም፣ ስኳሩ ግን ከክብደቱ ስልሳ በመቶ ያልፋል። የማድረቁን ሥራ ፀሐይ ጨርሳዋለች። ስለዚህ ዘሩ ወጥቶለት በ160 ዲግሪ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ያርራል። ፓፓያን በተቃራኒው አልመክርም። ከ100 ግራም 88 ግራም ውሃ ነው፤ ላዩ እስኪደርቅ ውስጡ ይፈርሳል።

ሰሊጡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ መተማ ላይ ሆኖ በእሱ ላይ መቸኮል ነውር ነው። የዚህ አካባቢ ሰሊጥ ከሁመራው ጋር በነጭነቱ ተለይቶ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ራሱን የቻለ ደረጃ ይዞ ይሸጣል፤ ከወለጋው ይለያል። ከክብደቱ ግማሹ ያህል ዘይት ነው። ሲታመስ የሚወጣው ሽታ የማያር ለውጥ ውጤት ስለሆነ ከካራሜሉ ጋር ዘመድ ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ ያላቸው ስምምነት ከዚህ ይመነጫል። ነገር ግን ሰሊጥ ቀላል ነው፤ ኤር ፍራየር ውስጥ ብቻውን ከገባ ማራገቢያው ያነሳዋል፣ ሬዚስታንሱ ላይ ወድቆም ይነድዳል። ስለዚህ ማሩ ከተቀባ በኋላ፣ ሳይደርቅ፣ ፍሬው ላይ ይጫን። በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ማሩ ይይዘዋል። ለመጋገሪያ ወረቀትም ያው ነው፦ ባዶውን ወረቀት አስገብቶ ማሞቅ አደገኛ ነው፤ በርሮ ሬዚስታንሱን ይነካና እሳት ይይዛል። ወረቀቱ የሚገባው ፍሬው ከላዩ ተቀምጦ ሲጫነው ብቻ ነው።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ሌላም ጥንቃቄ አለ። የፈላ ውሃ ሲነካ ይፈስሳል፤ ካራሜል ግን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ከፈላ ውሃም የሞቀ ነው። ከወጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ ለልጅ አይሰጥ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በመሣሪያው አይታለል። ኤር ፍራየር ዘይት ይቆጥባል፤ ስኳሩን አይቀንስም። ውሃው ሲወጣ እንዲያውም በአንድ ጉርሻ ውስጥ ያለው ስኳር ይበዛል።

ይህ ጣፋጭ ለመተማ የሚስማማበት ሌላ ምክንያት የጾም ምግብ መሆኑ ነው። ቅቤው በሰሊጥ ዘይት ከተተካ፣ ማሩም በስኳር፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር አይኖረውም። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ዋሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚኖርባት በዚህች ከተማ ለአንዱ ጎረቤት ከቀኑ ጾም በኋላ ለሚቀርብ ማዕድ፣ ለሌላው ለማፍጠሪያ የሚሆን አንድ ሳህን መሥራት ይቻላል። ለማፍጠሪያ ከሆነ ቴምሩን ከሙዙ ጋር ማቅረብ ጥሩ ነው፤ ቴምሩ ልማዱን ይጠብቃል፣ ሙዙ ሆድ ይይዛል።

መሳቢያው ሞቅ እንዳለ የሞቀ ውሃ ይሞላበትና ይቀመጥ። ካራሜል በውሃ የሚሟሟ ነገር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በጣት ይለቃል። በብረት ሽቦ የሚፈገፈግ ቅርጫት ሽፋኑ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይጣበቅበታል።

ስለ ማቆየትም አንድ ነገር ልጨምር። የቀላ ስኳር እርጥበትን ከአየር ይስባል። በመጋቢት፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት፣ ከምሳ በፊት የተሠራው ማንጎ እስከ ማታ ቡና ድረስ ላዩ ሳይለሰልስ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳን በሌለው ሳህን ይቀመጥ፣ ከተሸፈነ የራሱ እንፋሎት ያርሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ገብቶ አየሩ ሲረጥብ፣ ያው ቅርፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ሙጫ ይሆናል። በክረምት ስለዚህ ጀበናው ሊወርድ ሲል ነው ፍሬው መግባት ያለበት፤ የለሰለሰውም ቢሆን በ180 ዲግሪ ሁለት ደቂቃ ቢመለስ ውሃውን ጥሎ እንደገና ይጠነክራል።